ወዛም ፀጉርና የእናት ቅቤ



ውድ አንባብያን፣ በተለይም እናቶችና እህቶች፣ ዛሬ ላወጋችሁ የተነሳሁበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ነገሩ ስለ ፀጉር ነው፤ ያውም ታጥቦ ሁለት ቀን ሳይሞላው ስለሚወዛ፣ ከሻሽ ሥር ስለሚሸትና ባለቤቱን ስለሚያሸማቅቅ ፀጉር። በዚህ ተራ በሚመስል ነገር ሳቢያ አንዲት ተማሪዬ ትምህርቷን እርግፍ አድርጋ ልትተው ጥቂት ነበር የቀራት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ የጥፋቱ መነሻ እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጢስ ዓባይ ነው። ጧት ከሱብሒ በኋላ ሎሔን ይዤ ወደ መድረሳ፣ ከዚያም ደብተሬን ይዤ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መሮጥ የልጅነቴ ሥራ ነበር። በመድረሳ የጦሃራን ምዕራፍ፣ ማለትም ምን ዓይነት ውሃ ያነጻል፣ ዉዱእ በምን ይበላሻል የሚለውን፣ ተምሬ ከጨረስኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በባዮሎጂ ክፍል ስለ ቆዳ ዕጢዎች የተማርኩት። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ቀን በአንዲት ልጅ ራስ ላይ ይገናኛሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነኝ፤ ቡሬ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚያዝያ ወር ነው። ሚያዝያን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ስልሳ ተማሪ ታጭቆ ሲቀመጥ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይግላል። ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ። ከፊት በሁለተኛው መደዳ የምትቀመጥ፣ እጇን ከማንም ቀድማ የምታወጣ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ያን ዕለት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቆይቼ ዘወር ስል የሰነበተ ቅቤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አጠገቧ ያሉት ልጆች ገሸሽ ብለዋል፤ አንዷም በደብተሯ አፍንጫዋን ሸፍናለች። እኔም ሳላስብ፣ ለቀልድ ያህል፣ «እስኪ ያንን መስኮት ክፈቱት፤ ዛሬስ ክፍላችን ቅቤ ተራ ሆነ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቱ ሒጃቧን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች።

እናቷ እዚያው ቅቤ ተራ ቅቤ ነጋዴ መሆናቸውን እኔ አላውቅም ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ያውቁ ነበር። ሳቁ እንደዚያ የበረታው ለዚህ ነው።

በማግስቱ የመጨረሻው መደዳ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። እጇንም አላወጣችም። በሚቀጥለው ሳምንት ጭራሽ ቀረች። ስም ስጠራ ሦስት ቀን ተከታትሎ «የለችም» ሲሉኝ፣ በአራተኛው ቀን ከሥራ መልስ አድራሻዋን ጠይቄ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

እናቷን ያገኘኋቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ ሲለዩ ነው። «ግቡ መምህርት፣ ግቡ! አላህ ያክብርዎት» ብለው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተነሱ። ቡናው ሳይፈላ ወደ ነገሬ መግባት አልተፈቀደልኝም። በኋላ የልጅቱን መቅረት ሳነሳ፣ «ራሴን ያመኛል አለችኝ። እኔም በየማታው ከለጋው ቆንጥሬ መሐል አናቷን አሽላታለሁ፤ ያው አልተሻላትም» አሉኝ።

በሆዴ ክው አልኩ። ልጅቱ በቅቤው ሽታ አፍራ ከትምህርት ለመቅረት ራሴን አመመኝ ትላለች፤ እናት ደግሞ ለራስ ምታቱ መድኃኒት ብለው ቅቤውን ይጨምሩላታል። ሁለቱም ለደግ አስበው ገመዱን ከሁለት ወገን ይጎትቱታል።

ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗን አላነሳችም። እናቷ ቡናውን ሊቀዱ ዘወር ሲሉ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በክፍል ፊት ለተናገርኩትም በክፍል ፊት ይቅርታ እንደምጠይቅ ነገርኳት። «አይ ቲቸር፣ አይጥሩት። ረስተውት ከሆነ ያስታውሱታል» አለችኝ። ልጅ ከእኔ ይልቅ ብልህ ሆና ተገኘች።

እንግዲህ ልረዳት ቆርጬ ተነሳሁ። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ምክሬ ራሱ ስህተት ነበር። ይህን ሳልሸሽግ የምጽፈው ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት ስለሆነ ነው። «ቅቤውን ፈጽሞ ተይው፤ ጠዋት ጠዋት በልብስ ሳሙና ታጠቢ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሎሚ ጨምቀሽ እሽት አድርጊበት» አልኳት። እሷም ታዛዥ ናትና እንዳልኳት አደረገች። በሦስተኛው ሳምንት የራሷ ቆዳ ቀልቶ ያቃጥላት ጀመር፤ የፀጉሯም ጫፍ እንደ ገለባ ደርቆ በማበጠሪያው እየተሰበረ ይወጣ ጀመር። ወዙ ግን እንዳለ ነው! እናቷ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «መምህርት፣ የልጄን ፀጉር ጨረሱብኝ እኮ» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እርሳቸውም ቀጠሉ፤ «ያልተቀባ ራስ እናት የሌላት ልጅ ራስ ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል? በሃይማኖታችንስ ፀጉርን መንከባከብ የታዘዘ አይደለም ወይ?»

ታዟል። ፀጉር ያለው ሰው እንዲያከብረው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ራሳቸውን ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘንበል ያደርጉላት እንደነበርና እሷም ታበጥራቸው እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። እናቷ ትክክል ናቸው። ጥያቄው ማክበሩ በምንና እንዴት ይሁን የሚለው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ እኔና ልጅቱ እናቷን አስፈቅደን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና መኮንኗ ፀጉሯን መስመር በመስመር እየከፈለች አየችው። በግንባሯ ዳር፣ ከጆሮዋ ኋላና በቅንድቦቿ መካከል ወዛም የሆነ ቢጫማ ቅርፊት አሳየችን። ቅማል አልነበረም፤ ቆረቆርም አልነበረም። ከተራው ፎረፎር የጠነከረ፣ ወዝ በሚበዛበት ቆዳ ላይ የሚወጣ ችግር መሆኑን ነገረችን። በሐኪሞች አጠራር ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይባላል። የሚታዘዝለት ኬቶኮናዞል የሚባል መድኃኒት 2 በመቶ ያለበት ሻምፖ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የራስ ቆዳ ላይ ታሽቶ እስከ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይታጠባል፤ ይህም እስከ አራት ሳምንት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴን የማስተማሪያ መጽሐፍ ገለጥኩ። የማስተምረውን ነገር በቤቴ የማልሠራበት ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ፀጉር ከበቀለችበት ጉድጓድ አጠገብ ወዝ የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች። ወዝ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ቆዳችንና ፀጉራችን እንዳይደርቅ የሰጠን ቅባት ነው። አንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ዕጢዎቹን ያነቃቋቸዋል፤ ፊት ላይ ብጉር፣ ራስ ላይ ወዝ የሚበዛው በዚህ ዕድሜ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ስለቆሸሸች ወይም ስለሰነፈች አይደለም። «ቶሎ ቶሎ ብትታጠቢ ወዙ ይብሳል» የሚባለውም ወሬ ነው፤ ዕጢዎቹን የሚያዛቸው በዋነኛነት ሆርሞን እንጂ የውሃው ብዛት አይደለም። ቆዳን የሚያቆስለው የሳሙናው ኃይለኝነት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር የእኛ የሐበሾች ፀጉር ነው። ፀጉሩ ለስላሳና ቀጥ ያለ ከሆነ ወዙ ከሥሩ ተነስቶ እስከ ጫፉ ይወርዳል። የእኛ ግን የሚጠቀለል በመሆኑ ወዙ በየጥምዝምዙ ይቆማል። ስለዚህ ሥሩ ላይ ቅባት ተንጣሎ ሳለ ጫፉ ይደርቃል። እናት ጫፉን አይታ «ደረቀባት» ትላለች፤ ቅቤውን የምታደርገው ግን አናቷ ላይ ነው። እኔም ሥሩን አይቼ «ቅባት በዛባት» አልኩ፤ ሳሙናው ያቃጠለው ግን ጫፉን ነው። ሁለታችንም የአንድን ራስ ግማሽ ግማሹን ነበር ያየነው።

ሦስተኛው፣ ማላሴዝያ የሚባል በዓይን የማይታይ ፈንገስ ነው። በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል፤ የሚኖረውም ቅባት እየተመገበ ነው። ወዝ በበዛበት፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት፣ ለምሳሌ ሳይደርቅ በተጠቀለለ ሻሽ ሥር፣ ይመቸዋል። በዚህ ላይ ቅቤ ስንጨምርለት ድግስ ደገስንለት ማለት ነው። ቅቤው ራሱም በሰውነት ሙቀት ይበላሻል፤ ያ የሚከረፋ ሽታ ቅቤው ሲበላሽ ከሚወጡት አሲዶች የሚመጣ ነው።

ይህን ስል ቅቤን መናቄ አይደለም። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን ያስጌጡበታል፤ በእኛም አገር አደስ ተወቅጦ የገባበት ቅቤ ያልነካው የሙሽራ ራስ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ለደረቅ ፀጉር፣ ለደጋ ፀሐይና ነፋስ ቅቤ ጥሩ ነገር ነው። ለወዛም ራስ ቆዳ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከእናትና ልጅ ጋር ተመካክረን የያዝነው መንገድ ይህ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባው ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ልጅቱ እስከዚያ ድረስ ቀጭን ሹሩባ ተሠርታ ለአንድ ወር ነበር የምትቆየው፤ ይህን ትተን በወፍራሙ አራት ወይም ስድስት ጉንጉን እንዲሆን ተስማማን። ፀጉሩ በጣቶች ይላቀቅና ለብ ባለ ውሃ ይርሳል። የፈላ ውሃ ቆዳውን ያስቆጣዋል። ከዚያ ሻምፖው በመዳፍ ላይ በውሃ ቀጠን ተደርጎ በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ የራስ ቆዳው ላይ ብቻ ይታሻል። ጫፎቹን ለብቻ ማሸት አያስፈልግም፤ ሲታጠብ የሚወርደው አረፋ ይበቃቸዋል። ብዙ ቅቤ ለለመደ ራስ የመጀመሪያው አረፋ አይነሳም፤ ታጥቦ ሁለተኛ ሲደገም ነው የሚነሳው። ማጥራቱ ላይ ግን ውሃ አይቆጠብ። ሳሙና የቀረበት ራስ ያሳክካል፤ ሰውም ፎረፎር መሰለው ብሎ ሌላ ነገር ይጨምርበታል።

በሳምንቱ መካከል፣ ማክሰኞ ከትምህርት መልስ፣ ጉንጉኑ ሳይፈታ በየመስመሩ መካከል ያለውን ቆዳ ብቻ ማጠብ ይቻላል። ጥቂት ሻምፖ በውሃ ጠርሙስ በጥብጦ በየመስመሩ ጠብ ማድረግና በጣት አሽቶ ማጥራት ነው። ይህ ዘዴ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ከዚያ ማድረቅ። እኔ እንደማየው በሒጃብ ለምንሸፈን ሴቶች ትልቁ ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ለመውጣት ቸኩለን እርጥቡን ፀጉር ጥቅልል አድርገን ሻሽ እናስርበታለን፤ ማታ ስንፈታው ይሸታል። ጥፋቱ የሒጃቡ አይደለም። ፀጉሩ በፎጣ ተጨምቆ፣ ከቤት ውስጥ ተለቆ፣ ሥሩ ድረስ እስኪደርቅ ይጠበቅ። ከውስጥ የሚታሰረው ሻሽ ከጥጥ ቢሆን ላብ ይመጥጣል፤ ናይለን ግን ያፍናል። ልጅቱ የነበራት የውስጥ ሻሽ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ ከአሮጌ ነጠላ ሦስት ቀደው ሰፉላት። በየሁለት ቀኑ ይቀያየራል። የትራስ ጨርቁና ማበጠሪያውም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። የታጠበ ራስ ቅቤ በጠጣ ትራስ ላይ ካደረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቅቤውስ? የእናትየው ልብ እዚህ ላይ ነበር። «ጨርሶ አይቅር» አልናቸው። ፀጉሩ ታጥቦ ጥቂት እርጥበት ሳለበት ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ ለጋ ቅቤ በመዳፍ ቀልጦ፣ ከጆሮ በታች ያለው የፀጉሩ ርዝመትና ጫፉ ብቻ ይቀባል። ከአናት በአራት ጣት ይራቅ። ሽታውን የማይወድ በቅቤው ፈንታ ጥቂት ኮንዲሽነር ጫፉ ላይ ማድረግ ይችላል።

ሻምፖው ሁልጊዜ ስለማይገኝና ዋጋውም ስለሚከብድ ሌላ ነገር ማሰብ ነበረብን። ያኔ ትዝ ያለኝ ቁርቁራ ነው። ፍሬውን በልጅነታችን ለቅመን የበላነው ይህ እሾሃም ዛፍ በዐረብኛ ሲድር የሚባለው ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ በለብታ ውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። ይህን አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ቅባትን ያነሳል፣ እንደ ልብስ ሳሙና ግን ቆዳን አይልጥም። የመድኃኒቱ ሻምፖ አራት ሳምንት ካለቀ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ በቁርቁራ እንድትታጠብ ሐሳብ አቀረብኩ።

እናቷ ደነገጡ። «ኧረ በአላህ መምህርት! ይኼ የጀናዛ ማጠቢያ አይደለም ወይ? በሕይወት ላለች ልጅ?» አሉ። እውነትም በሰፈራችን ቁርቁራ የሚቀጠፈው ሰው ሲሞት ነው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ አክስቴ በቁርቁራ ስትታጠብ አይቼ ሽሽት ጀምሬ ነበር። ስለዚህ ከመድረሳ ያገኘሁትን አወጋኋቸው። አስማ የተባለች ሴት ከወር አበባ ስለመታጠብ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቀች ጊዜ ውሃና ሲድር እንድትጠቀም፣ ውሃውም የራስ ቆዳዋ ድረስ እንዲደርስ በደንብ እንድታሸው የነገሯትን ሙስሊም ዘግበውታል። ቀይስ ኢብኑ ዓሲም (ረ.ዐ.) እስልምናን በተቀበለ ጊዜም በውሃና በሲድር እንዲታጠብ ታዟል። «እንግዲያው ለሕያውም ነው» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ አንድ ቁና ቅጠል በጣሪያው ሥር ተሰጥቶ አገኘሁ።

እናትየው ሌላም ጥያቄ ነበራቸው፤ ለዓመታት ሲከነክናቸው የኖረ ይመስለኛል። «ቅቤ ያለበት ራስ ዉዱእና ጉስል ይይዝለታል ወይ?» አሉኝ። ሰፊነቱ-ነጃን የቀራ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ከዉዱእ መስፈርቶች አንዱ ውሃ ወደ አካል እንዳይደርስ የሚከለክል ነገር አለመኖሩ ነው። የቀለጠ፣ ስስ ቅባት ውሃው ላዩ ላይ እየሮጠም ቢሆን ቆዳውን እስከነካ ድረስ እንደማያበላሽ ኢማም ነወዊ አስረድተዋል። ረግቶ እንደ ሰም የተለጠፈው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማንሳት ይገባል። ስለ ሹሩባውም ቢሆን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ፀጉሯን አጥብቃ የምትጎነጎን መሆኗን ገልጻ ለጀናባ ጉስል ትፈታው እንደሆነ ጠይቃለች፤ ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ ውሃ ማፍሰስ እንደሚበቃት ተነግሯታል። በዚህ ከማውቀው አልፌ አልሄድኩም፤ ዝርዝሩን የሰፈሩን ኡስታዝ እንዲጠይቁ ነገርኳቸው።

ጎረቤቶች ደግሞ ምክር አያልቅባቸውም። አንዷ «እንዶድ ነው የሚያጠራው» አሉ። እንዶድም ሳፖኒን አለው፤ እናቶቻችን ሸማ ያነጹበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ማጥፊያነቱን ያገኙት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን ለልጅ ዓይንና ለቆሰለ ራስ ቆዳ የሚሆን አይደለም። ሌላዋ ደግሞ ነጭ ጋዝ ቀቢያት አሉ። ይህስ ከቶ አይሞከር! ቆዳ ያቃጥላል፤ ከምድጃ አጠገብ ደግሞ ልጅን ከነነፍሷ ያነዳል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ለራስ አልተሠራም። የእኔ ሎሚም ከዚሁ ተራ ይመደባል፤ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

በቤት ውስጥ የማይያዝም አለ። ፀጉሩ ክብ ክብ እየሠራ ከተመለጠና ከሥሩ ከተቆረጠ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል እንጂ በቅባትም በሻምፖም ብቻ አይድንም፤ ከልጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል። ከወዙ ጋር የወር አበባ መዛባት፣ ፊት ላይ የጠነከረ ብጉርና እንደ ወንድ ጢም የሚበቅል ፀጉር ከታየ ነገሩ ከሆርሞን ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ሐኪም ይየው። ግንባር ላይ ያለው ፀጉር እየሳሳ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ሹሩባው ጠብቋል ማለት ነው፤ ይላላ።

ልጅቱ ወደ ክፍል የተመለሰችው ከጤና ጣቢያው ቀን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከፊት አልተቀመጠችም፤ ከኋላም አልተቀመጠችም። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ራሷ መረጠች። እኔም ምንም አላልኩ። በወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ስለ ደም ዝውውር ስጠይቅ እጇን አወጣች። ወዙ ግን ጨርሶ ጠፍቶላታል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ፈተና ሲደርስና መታጠቡ ሲስተጓጎል ቅርፊቱ ይመለሳል፤ ያኔ መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት ትደግመዋለች።

ከእኔ ይልቅ የለወጣት የእናቷ እጅ ነው። በየማታው ቅቤ ያሽ የነበረው እጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ እያፈሰሰ ያጥባታል፤ ደርቆም ይጎነጉናታል። «ሥራዬን ቀየራችሁት እንጂ አልወሰዳችሁብኝም» ብለውኛል አንድ ቀን፤ ያኔ መምህርት ማለቱን ትተው «እቴ» ይሉኝ ጀምረው ነበር።

ባለፈው ዒድ ዋዜማ ለወጥ የሚሆን ቅቤ ልገዛ ወደ ቅቤ ተራ ወረድኩ። ልጅቱ ትምህርት ስለሌለ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሚዛኑን ይዛለች። እናቷ ገና ሲያዩኝ ከሩቅ፣ «እቴ፣ ለወጥ ነው ለራስ?» ብለው ጮኹ። የሰማው ገበያተኛ ሁሉ ሳቀ። ልጅቱም ሳቀች፤ ከበሳሉ ግማሽ ኪሎ መዝና በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ።